ከጥዱ ሥር ሳር ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦ ጉለሌ አካባቢ ከአባታችን የቀረልን ግቢ አለ። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ቦታ 200 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ሦስት ትልልቅ ጥዶችና አንድ አቮካዶ አጥልተውበታል። ድሮ ሳር ነበረው። አሁን ግማሹን እንደ ምንጣፍ የሚለጠፍ አረንጓዴ ነገር ይዞታል፤ የቀረው እንግጫ፣ ጎርጤብና ቱልት ነው። አምና ኪኩዩ ሳር በካሬ ገዝተን አነጠፍን፤ ክረምቱ ሳይወጣ በሰበሰ። በዚያው ክረምት እናቴን ከቤት ወደ ውጭው በር ስትሄድ አዳልጧት ወድቃ ነበር። ወንድሜ ዛፎቹን ቆርጠን ግቢውን ኮብልስቶን እናንጥፍበት ይላል። እናቴ ግን አባታችን የተከላቸው ናቸውና አይነኩም ትላለች። ጎረቤት ደግሞ ኖራ በትኑበት ብሎናል። ምን ይሻለናል?

ምላሽ፦ እናትዎን እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልዎ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ወደ ኋላ ላምጣ። ዛፎቹን አትቁረጡ፤ 200 ካሬውን በሙሉ ሳር ለማልበስም አትድከሙ። ከግቢያችሁ ሳር የሚሸከመው የተወሰነው ክፍል ብቻ ነው። የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ፀሐይ እንጂ የሳር ነጋዴው አይደለም።

ይህን ያስተማረኝ ኪሳራ ነው። የግቢ አትክልት ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በአንድ ደንበኛዬ ግቢ፣ ከጥድ ሥር፣ ሳር ሦስት ጊዜ አንጥፌ ሦስቱንም ጊዜ አጥቻለሁ። በመጀመሪያው አፈሩን ወቀስኩ፤ በሁለተኛው ውሃ የሚያጠጣውን ልጅ። በሦስተኛው የምወቅሰው ስላጣሁ ቀና ብዬ ዛፉን አየሁት።

አረንጓዴውን ነገር ብዙ ሰው ሻጋታ ይለዋል። ሻጋታ አይደለም፤ ሞስ የሚባል ራሱን የቻለ ትንሽ ተክል ነው። እንደ ሌላው ተክል ሥር የለውም። መሬቱን የሚጨብጠው ፀጉር በመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ነው፤ ውሃ የሚጠጣውም በገላው በሙሉ ነው። ስለዚህ የሳራችሁን ምግብ ከመሬት ቀምቶ አልገደለውም። ሳሩ ጥሎት የሄደውን ቦታ ነው የወረሰው። በበጋ ቡኒ ሆኖ ሲፈረፈር የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ሳይውል ሳያድር ይለመልማል። አበባና ዘር ሳያስፈልገው እንደ ዱቄት በሚበን ብናኝ ስለሚራባም ግቢውን ብትፍቁት ከጎረቤት አጥር፣ ከጣሪያ፣ ከዛፉ ግንድ ተመልሶ ይመጣል። በየዓመቱ እየፋቁ የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ የሚያተርፉት የወገብ ሕመም ነው።

ነገር ግን እናትዎን የጣላቸው ሞሱ ላይሆን ይችላል። በጣትዎ ቦጭቀው ይመልከቱት። እንደ ሱፍ ጨርቅ ተገንጥሎ ከተነሳ ሞስ ነው። ስስ ሆኖ የሚያዳልጥ፣ ወይም በዝናብ ጊዜ አብጦ እንደ ረጋ ሙጫ የሚንዘፈዘፍ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ከሆነ ከአልጌ ወገን ነው። እርሱ የሚታየው ውሃ በሚያቁርና በተረገጠ ባዶ መሬት ላይ ነው። ያ ቦታ ከቤቱ በር እስከ ውጭው በር ባለው መሄጃ ላይ ከሆነ፣ ከሳሩ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። በእኔ ልምድ ሁለት ቦታ ማየት ይበቃል፤ አንዱ የተቀደደ ወይም በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ ሌላው ከሞላ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈስ የውሃ ታንከር ነው። ጥድ ከጣሪያ አጠገብ ባለበት ቤት አሸንዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ካልተጠረገ ክረምቱን በሙሉ ውሃውን የሚያፈስሰው ግቢው ላይ ነው። የልብስ እጣቢም ከዛፍ ሥር የሚደፋ ከሆነ ይቁም።

አረሞቹም ስለ መሬታችሁ ይናገራሉ። እንግጫ እርጥበት ወዳድ ነው። በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እየዘፈኑ የሚነቅሉት መሬቱ ውሃ ጠጥቶ በሚሰነብትበት ወቅት ነው፤ እናንተም ጊዜውን ከእነርሱ ብትማሩ አይከፋም፤ ከመሬት በታች ያለው እብጠቱ ካልወጣ መልሶ ይበቅላልና በረጠበ መሬት ሥሩን ጨምሮ መንቀል ነው። ጎርጤብ ሰውና ከብት የረገጠውን መሬት አይፈራም። ቱልት ወፍራም ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድ ሲጎትቱት ይበጠስና ከቀረው ያቆጠቁጣል፤ ረጅም ስለት ባለው ነገር ዙሪያውን ማላላት ያስፈልጋል። ሦስቱን በአንድ ላይ ሳይ በዓይኔ የሚመጣው የተደመደመ ቀይ አፈርና በክረምት የሚያቁር ውሃ ነው። የበዓል በግ ከጥዱ ላይ የምታስሩ ከሆነ ደግሞ መሬቱ የተደመደመበትን አንዱን ምክንያት አወቅን ማለት ነው።

ለአረሙ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት እንርጭበት የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልመክርም። ቱፎርዲ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ቢገድልም እንግጫን እምብዛም አይጎዳውም፤ ነፋስ የወሰደው ጠብታ ግን አቮካዶውንና የጎረቤትን ጎመን ያጨማድዳል። 200 ካሬ በሁለት ሰው እጅ፣ ከዝናብ ማግስት፣ በጥቂት ቀናት የሚጠናቀቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኪኩዩ ስሙን ያገኘው ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ቢሆንም የእኛን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ብርዱም ከፍታውም አያስቸግረውም። የሚያሸንፈው ጥላ ነው። ሰርዶም እንደዚያው። ሁለቱም በደንብ እንዲይዙ በቀን 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። በ4 ሰዓት ይኖራሉ፤ ግን ሳስተው፣ ቁመት እየመዘዙ፣ እየተቆጡ ነው። ከ3 ሰዓት በታች ሲሆን ለመሞት ጊዜ ይጠብቃሉ እንጂ አይበቅሉም። አምና ያነጠፋችሁት ሳር ያደገው አንድም ጥላ በሌለበት ሜዳ ነው። ወደ ግቢያችሁ የገባው ደመናው በበዛበት ክረምት፣ ከጥድ ሥር፣ ሥር ሊሰድበት በማይችል በተደመደመ አፈር ላይ ነው። ምንጣፉን በውሃ ላይ እንደማስቀመጥ ነበር፤ ባይበሰብስ ይገርመኝ ነበር።

ስለዚህ ብርሃኑን ይለኩ። ጥያቄዎ በጥር መድረሱ መልካም ሆነ። ደመና በሌለበት ቀን የግቢውን ንድፍ በወረቀት ላይ ሥለው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በየሰዓቱ ብቅ እያሉ ፀሐይ ያረፈበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። ማታ ሲቆጥሩት እያንዳንዱ ማዕዘን ስንት ሰዓት እንዳገኘ ያውቃሉ። ይህንኑ በግንቦት መጨረሻ ይድገሙት። ብዙ ባለሙያ የሚስተው ይህን ሁለተኛውን ልኬት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በበጋ በስተ ደቡባችን፣ በክረምት መግቢያ ደግሞ በስተ ሰሜናችን ታልፋለች። 12 ሜትር ቁመት ያለው ጥድ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ 7 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ በሰኔ አጋማሽ ግን ጥላው 3 ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። በጥር ፀሐያማ ነው ያላችሁት ጥግ በሰኔ ጥላ ሊሆን፣ የተስፋ መቁረጫ የመሰላችሁ ደግሞ ብርሃን ሊያገኝ ይችላል። ሳር የሚተከለው በሁለቱም ልኬት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ባገኘው ቦታ ብቻ ነው።

ብርሃኑን መጨመርም ይቻላል፤ ይህም ዛፍ ከመቁረጥ በፊት የሚሞከር ነው። መጀመሪያ ጥዶቹ የትኞቹ እንደሆኑ ይለዩ። ፍሬው ሰማያዊ ጥቁር፣ ለስላሳና እንደ አተር ትንሽ ከሆነ የሐበሻ ጥድ ነው፤ እንደ እንጨት የጠጠረ ድቡልቡል ከሆነ የፈረንጅ ጥድ ነው። የሐበሻውን ያለ ፈቃድ መንካት ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ከወረዳችሁ ጠይቃችሁ ጀምሩ። አቆራረጡ ለሁለቱም አንድ ነው። የታችኞቹ ቅርንጫፎች እስከ 3 ወይም 4 ሜትር ከፍታ ድረስ ይነሳሉ፤ ጠዋትና ማታ ጋደም ብላ የምትመጣው ፀሐይ በዚያ በኩል ትገባለች። በአንድ ዓመት ከሕያው ቅርንጫፉ ከአንድ አራተኛ በላይ አይነሳ፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ነው። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም፤ ቅጠል እስከሌለበት ደረቅ ክፍል ድረስ ከተገዘገዘ ከዚያ አያቆጠቁጥም። አናቱን ቆርጠው ማሳጠር የሚወዱ ሠራተኞች ከመጡ ሻይ አጠጥተው ይሸኟቸው። የመብራት ሽቦ አጠገብ ካለ ደግሞ በቤት ሰው የሚሞከር አይደለም።

አቮካዶው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ከውስጥ ይሳሳለታል። ጥላ የለመደ ቅርንጫፉ በድንገት ለፀሐይ ሲጋለጥ ቅርፊቱ ስለሚቃጠል ግንዱንና የተጋለጡትን ትልልቅ ቅርንጫፎች በውሃ በቀጠነ ኖራ ነጭ መቀባት ጥሩ ነው። የጎረቤትዎ ኖራ እዚህ ላይ አገልግሎት አገኘች።

መሬት ላይ መበተኑን ግን ይተዉት። ኖራ ሞስ አይገድልም፤ የአፈርን ኮምጣጣነት ነው የሚቀንሰው። በደጋው የአገራችን ክፍል ኮምጣጣ አፈር በስፋት መኖሩ እውነት ነው፤ ገበሬው ኖራ የሚጨምረውም አፈሩ ተመርምሮ መጠኑ ሲነገረው ነው። ሳይመረመር የተበተነ ኖራ ዛፎቹን ሊያስከፋ ይችላል። ምናልባትም በግቢያችሁ ለዓመታት የከሰል አመድ ሲደፋ ኖሮ ከሆነ፣ አመዱ በተደፋበት አፈሩ ከሚፈለገው በላይ ኮምጣጣነቱን አጥቶ ይሆናል። ጥድ አፈሩን አኮምጥጦ ነው ሳር የሚያጠፋው የሚለውም ወሬ ከሚገባው በላይ ተጋንኗል። ከጥድ ሥር ሳርን የሚጎዱት ጥላውና በበጋ ውሃውን ቀድሞ የሚጠጣው ሥሩ ናቸው።

ሞሱን በመድኃኒት ማጥፋት ለሚፈልግ በትክክል የሚሠራው የብረት ሰልፌት ነው። በጥቂት ቀናት ሞሱ ይጠቁራል፤ ከዚያ ይጫራል። ነገር ግን ሲሚንቶና ንጣፍ ላይ ከነካ የዝገት ቀለም ትቶ ይቀራል፤ ብርሃኑና ውሃው ካልተስተካከሉም ገንዘባችሁ ለአንድ ክረምት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ለእናንተ አያስፈልግም። በግንቦት፣ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሲያላላው፣ ጣት ባለው የብረት መጫሪያ ሳር በሚተከልበት ክፍል ያለውን ብቻ ጭራችሁ አውጡ።

በዚያው ሰሞን ሹል ፌሮ ይዛችሁ መሬቱን ሞክሩት። በረጠበ መሬት በእጅ ግፊት 10 ሳንቲ ሜትር ካልገባ መሬቱ ተደምድሟል። በሹካ አካፋ በየ10 እና 15 ሳንቲ ሜትሩ እየወጉና ትንሽ እያወዛወዙ አየር ማስገባት ነው። አትገልብጡት፤ የዛፎቹ ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ በላይኛው አፈር ውስጥ ናቸው። የአቮካዶው በተለይ ከቅጠሉ ሥር እስኪታይ ድረስ ወደ ላይ ይቀርባል፤ በእርሱ ሥር ሹካም አካፋም አይግባ። ጭቃ በሆነበት ቀንም አትንኩት፤ ቀይ አፈር በጭቃነቱ ከተሠራ ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል። ከዚያ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል በላዩ ይበተናል፤ ለ100 ካሬ 1 ሜትር ኩብ ይፈጃል። በጆንያ የሚሸጠውን ጥቁር አፈር ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ እንግጫውን ከነእብጠቱ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ከግንድ ጋር አፈር ቆልሎ ማስደገፍም ዛፉን ቀስ በቀስ የሚገድል ስህተት ነው።

ሳሩን ዘንድሮ በካሬ አትግዙ። ከተላመደ ግቢ የተነቀለ ኪኩዩ ወይም ሰርዶ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ሦስት አራት አንጓ ያለው ቁራጭ፣ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ በየ15 እና 20 ሳንቲ ሜትሩ ይተከል። ሥሩን ከመጀመሪያው በራሳችሁ አፈር ውስጥ ስለሚሰድ ተነጥፎ ከመጣው ይበልጣል፤ ወጪውም የጉልበት ብቻ ነው። ጊዜው ዝናቡ የጸናበት የሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ነው። እስከ መስከረም ማንም አይርገጠው፤ በግም ጭምር። ከተተከለ ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ደርቆ አፈሩ በረጠበበት ሰዓት ለካሬ 10 ግራም ዩሪያ ይበቃዋል፤ ከፊል ጥላ ላለበት 5 ግራም። በጥላ ቦታ ዩሪያ ማብዛት ሳሩን ለስላሳና በሽተኛ ያደርገዋል። አጨዳው ደግሞ ፀሐይ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊል ጥላ ላይ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ይቅርለት። ሳር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነውና ብርሃን በጎደለበት ቦታ ቅጠል መላጨት እህል የጎደለበትን ቤት መዝረፍ ነው። በበጋ በየቀኑ ላዩን ከመርጨት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በማለዳ፣ ጠልቆ እስኪርስ ማጠጣት ይሻላል።

ከ4 ሰዓት በታች ያገኘው ክፍልስ? በእኔ ግምት ይህ ከግማሽ በላይ ይሆናል፤ ለእርሱ ሳር የሚለውን ቃል እርሱት። ከአቮካዶው ሥር የወደቀው ቅጠል ባለበት ይቅር፤ አፈሩን የሚያቀዘቅዘውና የሚመግበው እርሱ ነው፤ ባዶ መሬት ስለማይተውም አረም ይቀንሳል። ከጥዶቹ ሥር ክሊቪያ ይተከል፤ ደረቅ ጥላንና የዛፍ ሥርን ከሚችሉ ጥቂት የአበባ ተክሎች አንዱ ነው፤ ሲበሉት መርዝ መሆኑን ግን ሕፃን ላለበት ቤት መንገር አለብኝ። እርጥበት በሚቆይበት ጥግ ፈርን የሚባለው አበባ የሌለው ቅጠላም ተክል ያምራል። ማንም በማይረግጠው ቦታ ያለውን ሞስ ደግሞ ብትተዉት ምን ይጎድልባችኋል? ጃፓን ውስጥ፣ ኪዮቶ ከተማ፣ ሳይሆጂ የሚባል ቤተ መቅደስ የአትክልት ቦታው በሞስ በመሸፈኑ ነው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው፤ እኛ የምንፍቀውን እነርሱ ቅጠል እየለቀሙ ይንከባከቡታል። በእጄ ካለፉት ግቢዎች እጅግ የማረኩኝ ሁለቱ ከጥድ ሥር ሞሳቸው ያልተነካባቸው ናቸው።

ወንድምዎ ስለ ኮብልስቶን ያሰበው በከፊል ልክ ነው። ግቢውን በሙሉ ማንጠፍ ግን ሁለት ጥፋት አለው። ለንጣፉ ተብሎ የሚቆፈረውና በማሽን የሚደለደለው መሬት የዛፎቹን ሥር ይቆርጣል፤ ሥሩ የተቆረጠ ጥድ በክረምት ነፋስ ወደ ቤቱ ሊያጋድል ይችላል። ዛፎቹ ከቀሩ ደግሞ ጥላው ስለሚቀር ሞሱ በድንጋዮቹ መካከል ይበቅላል፤ የረጠበ ኮብልስቶን ላይ ያለ ሞስ ከመሬቱ የባሰ ያዳልጣል። ከቤቱ በር እስከ ውጭው በር ያለውን መሄጃ ብቻ ይሥራ፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ሳይቆፈር ጠጠር ተደልድሎበት ከመሬቱ ከፍ ያለ፣ ውሃ እንዲወርድ ወደ አንድ ጎን ጥቂት ያዘነበለ፣ ከዛፎቹ ግንድ በተቻለ መጠን የራቀ ይሁን። ድንጋዩ ሸካራ ፊት ያለው ይመረጥ፤ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ በጠንካራ መጥረጊያ ይፈተግ። ይህ ሥራ ከሳሩም ከዛፉም ይቀድማል፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት። መሄጃው 15 ሜትር ከሆነ ወንድምዎ 18 ካሬ ኮብልስቶን ይበቃዋል።